ዘንጎቹን የለካንበት ሳምንት

ፍራንክፈርት ያለ ሐበሻ ሥራዬን ሲጠይቀኝ እውነቱን መናገር ከተውኩ ቆይቻለሁ። "ዩኒቨርሲቲ ነው የምሠራው" እላለሁ፤ በዚያ ካለፈልኝ እሰየው። አያልፍልኝም እንጂ። "ምን ታስተምሪያለሽ?" ይከተላል። አላስተምርም፣ የኑክሌር ሪአክተር ነው የማንቀሳቅሰው ስል፣ ሰውየው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል። ከጨበጠኝ በኋላ መዳፉን ሱሪው ላይ የጠረገም አጋጥሞኛል፤ ያውም የተማረ ሰው! ቤተ ክርስቲያን ያሉት ሴቶች ደግሞ "አቶሟ" የሚል ስም አውጥተውልኛል። እናቴ ይህን በሰማች ቁጥር ሆዷን ይዛ ትስቃለች።

ስለዚህ አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። የእኛ ሪአክተር ትንሽ ናት። ከፍራንክፈርት ወጣ ብሎ ባለ ከተማ፣ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ፣ ጥልቅ የውኃ ገንዳ ሥር ተቀምጣ ትኖራለች። ኤሌክትሪክ አታመነጭም፤ ሥራዋ ለተመራማሪዎች ኒውትሮን መስጠት ነው። ኬሚስቱም የፊዚክስ ሰውም ናሙናውን ታቅፎ ይመጣል፣ ወረፋ ይዞ በኒውትሮን ያስመታል፣ ይሄዳል። እኔ ከምኖርበት ሰፈር ከግሪስሃይም በኤስባን ባቡር እየተመላለስኩ አስነሳታለሁ፣ አስተኛታለሁ፣ ስትታመም አስታምማታለሁ። ከሰው ልጅ ይልቅ ከእሷ ጋር የቆየሁበት ሰዓት ይበልጣል ብል ውሸት አይሆንብኝም።

በነዳጇ መሐል ኒውትሮን የሚውጡ ዘንጎች አሉ። ዘንጎቹን ወደ ታች ስታወርዳቸው ትተኛለች፤ ወደ ላይ ስትስባቸው ትነቃለች። ጥያቄው፣ ይችን ታህል ብስበው ምን ያህል ትነቃለች የሚለው ነው። ለዚህ ደግሞ መጽሐፍ አይገለጥም፤ እሷኑ መጠየቅ ነው። ዘንጉን ትንሽ ከፍ ታደርግና ታቆማለህ። ኃይሏ መጨመር ይጀምራል። እጥፍ እስክትሆን ምን ያህል እንደሚፈጅባት በሰዓት ትይዛለህ። ከዚያ በሌላ ዘንግ ታበርዳታለህ፣ የመጀመሪያውን ደግሞ ትንሽ ትስበዋለህ፣ እንደገና ሰዓት ትይዛለህ። ቀኑን ሙሉ ይኸው ነው። ምስር ለቀማ የማይወድ ሰው ለዚህ ሥራ አይሆንም።

አዲስ ተማሪ ሁሉ የሚሳሳትባት አንዲት ቦታ አለች። ዘንጉ እንደተሳበ ኃይሉ ድንገት ብድግ ይላል፤ ተማሪው ተጣድፎ ሰዓቱን ይጫናል። ያ የመጀመሪያው ዝላይ ውሸት ነው። ጥቂት ታግሠህ፣ ጭማሪው አንድ ወጥ ሲሆን ነው የሚለካው። ለምን ቢባል፣ ከኒውትሮኖቹ አብዛኞቹ በቅጽበት ይወለዳሉ፤ ጥቂቶቹ ግን ወደ ኋላ ቀርተው ዘግይተው ይመጣሉ። የሚገርመው፣ ሪአክተርን ሰው እንዲገዛው ያስቻሉት እነዚያ ጥቂት ዘግይተው የሚመጡት ናቸው። እነሱ ባይኖሩ ነገሩ ሁሉ ዓይን ሳይርገበገብ ያልቅ ነበር፤ የእኔም እጅ የአለቃዬም እጅ አይደርስበትም። ይህን ለተማሪ ባስረዳሁ ቁጥር ለእኔው ለራሴም አዲስ ይሆንብኛል። ዓለም የቆመችው በፈጣኖቹ ይመስለን ነበር።

አንዲት ሐበሻ ልጅ ለዶክትሬቷ ወደ እኛ መጣች። አዲስ አበባ ተምራ፣ እዚህ አግብታ፣ ፌኸንሃይም ከባሏ ጋር ትኖራለች፤ ባሏ እዚያው ሰፈር የዕቃ ማከማቻ ውስጥ በፈረቃ ይሠራል። እኔ የፈረቃ መሪ ነኝ እንጂ አስተማሪዋ አይደለሁም፤ ያም ሆኖ ከማንም ተማሪ አብልጬ እሷን እጨቀጭቃታለሁ። ሐበሻ ናትና አዳላችላት እንዳይሉኝ፣ እንዲሁም ሐበሻ ናትና እንድታሳፍረኝ ስለማልፈልግ። "እትዬ" ትለኛለች። አንቱታውን ተይው ብያት ነበር፤ "እሺ" አለችና ቀጠለችበት።

በዚያ ሰሞን ወደ ሪአክተሯ አዲስ ነዳጅ ገብቶ ነበር። አዲስ ነዳጅ ከገባ የዘንጎቹ አቅም ይለወጣልና ሁሉም እንደ አዲስ ይለካል። የልጅቷ ዶክትሬት ደግሞ የቆመው በዚሁ ላይ ነው፤ በኮምፒዩተር ያሰላችውን ሪአክተሯ ከምትሰጠው መልስ ጋር ልታስተያይ ነው። ለልኬቱ አንድ ሳምንት ተሰጣት። ያ ሳምንት ካለፈ ወረፋው የሌሎች ነው፤ ነዳጅ ዳግም እስኪገባ ድረስ ደግሞ የሥራ ውሏ ያልቃል። በአጭሩ፣ ይህ ሳምንት ካመለጣት የደከመችበት ዓመት ሁሉ ገደል ገባ።

እሷ ግን ልክ ዝግጅቱ ሲጀመር መጥፋት ጀመረች። መለኪያውን ከገንዳው በላይ ካለው መድረክ ላይ ቆሞ ወደ ውኃው ማውረድ ነበረባት። አንድ ቀን "ቴርሚን አለኝ" ብላ፣ ቀጠሮ መሆኑ ነው፣ ቀረች። በማግስቱ ወገቧን አመማት። በሦስተኛው ቀን ጥርሷን። ጽሕፈት ክፍሏ ቁጭ ብላ ስታሰላ ትውላለች፤ ወደ ሪአክተሯ አዳራሽ ግቢ ሲሏት ግን አንድ ነገር ትሆናለች። አቃጠለችኝ! የፈራች መሰለኝ። እጁን ሱሪው ላይ እንደጠረገው ሰውዬ ያለ ፍርሃት፣ ከዚህ ሁሉ ትምህርት በኋላ። አርብ ዕለት ኮሪደር ላይ አቁሜ፣ "ከፈራሽ ሌላ ሙያ ያዢ! አንቺ የተቀመጥሽበትን ወንበር ስንቱ ይመኘዋል" አልኳት። መሬት መሬት እያየች ወደ ጽሕፈት ክፍሏ ሄደች።

አለቃዬ ከእኔ ይብሳል። ጡረታው የደረሰ ጀርመናዊ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ሰዓትና ቃል ከተዛነፈበት ፊቱ ይጠቁራል። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ጠርቶ፣ ሰኞ ጠዋት ልጅቷ ራሷ መድረኩ ላይ ካልወጣች ልኬቱን ለሌላ ተማሪ እሰጠዋለሁ አለኝ። ንገሪያት አለኝ። ነገርኳት። "እወጣለሁ" አለች፤ ድምጿ ግን የሌላ ሰው ነበር።

ቅዳሜ ቤቴ እንድትመጣ ከቀድሞው ጠርቻት ነበር። ተቆጥቻታለሁና ትቀራለች ስል፣ ከፌኸንሃይም አስራ አንድ ቁጥር ትራም ተሳፍራ፣ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጣ መጣች። እናቴ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው፤ ወጥ ቤት ቆማ ሽንኩርት እያቁላላች ነበር። ልጅቷ ገና ጫማዋን እንዳወለቀች በረንዳ ላይ ወጣች። ትንሽ ቆይታ ገባች፣ እንደገና ወጣች። ቁጣዬ ያልበረደላት መስሎኝ ነበር። ምግብ ሲቀርብ ሥጋውን ትታ ሰላጣውን ብቻ በሎሚ ፈጀችው። እናቴ ሌላ ሎሚ ቆርጣ አጠገቧ አኖረችላት።

ልጅቷ ከሄደች በኋላ እናቴ ሳህን እያጠበች፣ ወደ እኔ ሳትዞር፣ "ያቺን ልጅ ደረጃ አታስወጫት" አለችኝ።

"ምን ሆና?"

"ምንም።"

"ታዲያ ምን አልሽ?"

"ደረጃ አታስወጫት አልኩ። ምን ሆነች አልኩሽ? ጆሮሽ ደኅና አይደለም እንዴ?" አለችና ውኃውን ከፈተችው።

የሳህን መጥረጊያው እጄ ላይ እንዳለ ቀረ። ሎሚው፣ በረንዳው፣ ወገቡ፣ ጥርሱ! የኒውትሮን ሰዓት ስይዝ የኖርኩ ሴት ይህ ሲጠፋኝ፣ እናቴ በአንድ ምሳ ጨርሳው ተቀምጣለች። ለእኔ የሚያስጨንቅ ነገር አቀብላ ደግሞ ማታ ድብን ያለ እንቅልፍ ተኛች።

እሑድን ሳብሰለስል ዋልኩ። እኛ ዘንድ እርግዝና ካልታየ በቀር አይወራም። ቢጠይቁሽ "ትንሽ አልተመቸኝም" ነው፣ "ደክሞኝ ነው" ነው። ያወቀ አውቆ ዝም ይላል፤ ያላወቀ ሆዱ ሲገፋ ያውቃል። ጨዋነቱም ጥንቃቄውም ይኸው ነው። በእኔ ሥራ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ ለሴት ሠራተኛ መጀመሪያ ከምናስተምራቸው ነገሮች አንዱ ያረገዘች እንዳወቀች ወዲያው ትናገር የሚል ነው። የማህፀን ልጅ እዚያ አዳራሽ ውስጥ እንደ አንድ ሰው ይጠበቃል። እና እኔ ምን ላድርግ? ለአለቃዬ ብነግር የእኔ ያልሆነውን ምስጢር ሸጥኩ። ዝም ብል፣ እንዳለችው ሰኞ ትገባለች። ተናድጄባት የነበረው ንዴት ዞሮ ራሴ ላይ መጣ።

ሰኞ ከእሷ ቀድሜ ደረስኩ። አዳራሹ መግቢያ ላይ አግዳሚ ወንበር አለ፤ ከዚያ ወዲህ የራስህ ጫማ፣ ከዚያ ወዲያ መሸፈኛ የለበሰ ጫማ ነው። እዚያ ተቀምጬ ጠበቅኳት። ነጭ ካፖርቷን እየቆለፈች መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል።

"እንደምን አደሩ፣ እትዬ።"

"ወዴት ነው?"

"ወደ መድረኩ። ዛሬ እወጣለሁ ብዬ የለ?"

"አትወጪም።"

"አርብ ዕለት ከፈራሽ ሌላ ሙያ ያዢ ያሉኝ እርስዎ አይደሉ እንዴ?" አለችኝ።

"ብያለሁ፤ ምላሴን ይቁረጠው። አሁን ደግሞ አትወጪም እያልኩሽ ነው። እናቴ ደረጃ አታስወጫት ብላለች።"

ቆማ አየችኝ። ከዚያ አጠገቤ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች። "እማማ አወቁ?"

"እማማ ምን ታውቃለች? ስለ ደረጃ ነው ያወራችው።"

ሳቋና ልቅሶዋ አንድ ላይ መጣባት። ቀስ እያለች ነገረችኝ። ባለፈው ጊዜ ለሁሉም ተናግራ ነበር። የቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች የሚሰበሰቡት በተከራዩት አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ያን እሑድ መድረክ ላይ አውጥተዋት ጸለዩላት፣ ዘመሩላት፣ አዋጥተው የሕፃን ጋሪ ገዙላት። ከዚያ ጨነገፈባት። ከዚያ በኋላ ያልሰማ ሁሉ በየትራሙ፣ በየሱቁ እያቆመ "ሕፃኑስ?" ይላታል፤ ለእያንዳንዱ እንደ አዲስ መንገር አለባት። ጋሪው አሁንም ኬለር ውስጥ፣ ከሕንፃው ምድር ቤት ነው አለችኝ። "ዓይን ምናምን አላምንም፣ እትዬ። ጴንጤ ነኝ። ግን አልናገርም። ከባሌ በቀር ማንም አያውቅም።"

"ለእኔስ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?"

"የመጀመሪያውን ዝላይ አትመኑ፣ ጠብቁ ብለው ያስተማሩን እርስዎ አይደሉ?"

አሁን ለዚህ ምን ይባላል!

"እሺ" አልኳት በመጨረሻ። "ለሰው አትንገሪ፣ ማንም አያስገድድሽም። ጨረር ግን ይሉኝታ የለውም። ለጨረር ጥበቃ ኃላፊዋ መንገር አለብሽ።"

"ብነግራት ያስወጡኛል። ሳምንቱ ያልፋል።"

አያስወጡሽም ልላት እችል ነበር፤ አልዋሸኋትም። "ሊያስወጡሽ ይችላሉ" አልኳት። "እዚያ መድረክ ላይ ያለው ጨረር ትንሽ ነው፤ ምናልባትም ምንም አይልሽም። ግን አንድ ነገር ቢሆን፣ ከጨረሩ ባይሆንም እንኳ፣ ዕድሜሽን ሙሉ ያንን መድረክ ነው የምታስቢው።"

የካፖርቷን ቁልፍ ፈታች፣ መልሳ ቆለፈችው። ያቺን ደቂቃ አልረሳትም፤ ከአንድ ወገን የዓመታት ድካሟ፣ ከሌላው ወገን ስሙን እንኳ ልትጠራው የማትደፍረው ነገር። እኔ አጠገቧ ሆኜ ከመጠበቅ በቀር የማደርገው አልነበረኝም። ከዚያ ተነሣች። የሄደችው ግን ወደ ኮሪደሩ ነው።

የጨረር ጥበቃ ኃላፊያችን ጸጉሯ የነጣ፣ ቃል የምትቆጥብ ጀርመናዊት ናት። ቢሮዋ ገብተን ተቀመጥን። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። እኔው ልጀምርላት ስል፣ በአማርኛ አንድ ጊዜ እንኳ ያላለችውን ቃል በጀርመንኛ ፍርጥ አደረገችው። ኋላ ስጠይቃት፣ "በጀርመንኛ ሲሆን የሌላ ሰው ወሬ ይመስላል" አለችኝ።

ሴትዮዋ እንኳን ደስ አለሽ አላለችም፣ አልሳመቻትም፣ ፈገግ እንኳ አላለችም። በሌላ ቀን ቢሆን "አይ ጀርመን" ብዬ በተናደድኩ ነበር፤ ያን ቀን ግን ለልጅቷ ከዚህ የተሻለ ደግነት አልነበረም። "ማን ያውቃል?" ብላ ጠየቀች፤ ልጅቷ ባሏንና እኔን ጠራች። "ከእኔ አፍ አይወጣም" አለች ኃላፊዋ። ከዚያ መለኪያዋን አንሥታ፣ "አዳራሹና መድረኩ አይፈቀድም። ስለ መቆጣጠሪያው ክፍል ደግሞ ከመናገሬ በፊት እለካዋለሁ" ብላ ወጣች።

ውጪ አለቃዬ ሰዓቱን እያየ ይንጎራደዳል። "ለምን አይጀመርም?" አለኝ። "እየተለካ ነው" አልኩት፤ ውሸት አልነበረም። ኃላፊዋ መጀመሪያ ኮሪደሩን ለካች፣ ከዚያ የመቆጣጠሪያውን ክፍል ከጥግ እስከ ጥግ። ልጅቷ የምትቀመጥበት ወንበር ጋ ስትደርስ ጎንበስ ብላ፣ መለኪያውን በሆድ ከፍታ ይዛ፣ ለረጅም ጊዜ ቆመች። ልጅቷ ከውጪ በመስኮቱ መስተዋት ትመለከታታለች፤ እጄን የያዘችኝ አያያዝ አጥንቴ ድረስ ተሰማኝ። ንባቡ ከኮሪደሩ የተለየ አልነበረም። ኃላፊዋ ወጥታ ለአለቃዬ፣ "ከመቆጣጠሪያው ክፍል ትሠራለች፤ መድረኩ ላይ ሌላ ሰው ይውጣ። ምክንያቱን አትጠይቀኝ" አለችው።

ጀርመን ሁሉን ነገር ፊት ለፊት ካልተናገረ አይሆንለትም ስል ኖሬያለሁ። አለቃዬ ኃላፊዋን አየ፣ ልጅቷን አየ፣ ፊቱ እስከ ጆሮው ቀላ። ምክንያቱን አልጠየቀም። ወደ ቢሮው ሄዶ የራሱን ወንበር፣ ለወገቡ ሕመም ያስገዛውንና ማንም እንዳይቀመጥበት የሚጠብቀውን፣ እየገፋ አምጥቶ መቆጣጠሪያው ፊት አቆመላት። "ቀኑ ረጅም ነው" ብቻ አላት።

ኃላፊዋ ለልጅቷ ሁለት ዶዚሜትር ሰጠቻት፤ ሰው የተቀበለውን ጨረር የሚቆጥሩ ትንንሽ መለኪያዎች ናቸው፤ አንዱ እንደወትሮው ደረት ላይ፣ ሁለተኛው ሆድ ላይ የሚንጠለጠል። "ይኼ ያንቺ፣ ይኼ የልጁ" አለቻት። ልጅቷ እሳት የነካት ያህል ደነገጠች። ሁለተኛውን ከካፖርቷ ሥር ደብቃ አሰረችው።

መድረኩ ላይ የወጣሁት እኔ ነኝ። ጉልበቴ በየደረጃው ስሞታ እያሰማኝ ወጣሁ፣ መለኪያውን ወደ ውኃው አወረድኩ። ጎብኚ ሁሉ የሚመጣለት ሰማያዊ ብርሃን በዚያ ቀን አይታይም፤ ዘንግ የሚለካው በዝቅተኛ ኃይል ስለሆነ ከሥር ያለው ጥርት ያለ ውኃ ብቻ ነው። ከድምጽ ማጉያው የልጅቷ ድምፅ ይመጣል፤ "እትዬ፣ ትንሽ ወደ ግራ። እትዬ፣ እንዳይነቃነቅ።" ስታዘኝ መጀመሪያ ትሽኮረመም ነበር፣ እየቆየች ግን አዛዥነቱን ለመደችው። ዘንጉ ተሳበ፣ ኃይሉ ብድግ አለ፣ ጠበቀች፣ ጠበቀች፣ "አሁን!" አለች። ከዚያ እንደገና። አለቃዬ ከጎኗ ቆሞ ሰዓት ይይዛል። አንድ ቦታ ላይ ተሳስቶ ቶሎ ሲጫን ልጅቷ ያለ ይሉኝታ እንዲደግም አደረገችው፤ እዚያ መድረክ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ።

ፋይራበንድ፣ የሥራ መውጫው ሰዓት፣ ሲደርስ የመጀመሪያው ዘንግ ከሥር እስከ ጫፉ ተለክቶ አልቆ ነበር። ስወርድ አለቃዬ ስክሪኑ ፊት ቆሟል፤ የልጅቷ ስሌትና የሪአክተሯ መልስ ተቀራርበው ተቀምጠዋል። ለወትሮው ከመጠን በላይ ማድነቅ የማይወደው ሰው፣ "ነይ እዪው፣ ነይ እዪው" እያለ ይጠራታል። አልሰማችውም። በሩ ጋ ከኃላፊዋ ጋር ቆማለች፤ ሴትዮዋ ሁለቱን ዶዚሜትሮች ተቀብላ አንድ በአንድ ታነባለች። የደረቱን አነበበች። የሆዱን አነሣች፣ መነጽሯን አስተካከለች፣ አነበበች፣ ከዚያ ልጅቷ ራሷ እንድታየው ወደ እሷ አዞረችላት።

ልጅቷ ለረጅም ጊዜ አየችው። ዞር ስትል ዓይኗ ሞልቷል። በስንት ድካም የለካነው ዘንግ ከጀርባዋ ስክሪኑ ላይ ተሥሎ፣ እሷ ወደ እኔ መጣችና አንገቴ ሥር ገባች። ማንም እንዳይሰማ ድምጿን ዝቅ አላደረገችም፤ በአማርኛ፣ ጮክ ብላ ነው የተናገረችው።

"ዜሮ ነው፣ እትዬ። ልጄን ምንም አልነካውም።"